ከኋላዬ ሰው የለም

ይህን ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴ ሳትሰማው ወደ አኼራ ሄደች። አብሮኝ ተራራ ለሮጠው ለመስፍን እንኳ፣ ሊያውም ነገሩ ለጥቂት ሕይወቱን ሊወስድበት ለነበረው ሰው፣ አልነገርኩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ የወጣው ባለፈው ወር ነው፤ ለማን እንደነገርኩት እደርስበታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ አልቀየምም። ልክ ናችሁ።

ሰዒድ እባላለሁ። ሰመራ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እንጀራዬ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ባለጉዳዩ ይገባና ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ሊተርክልኝ ሲል፣ “ምክንያቱን ለጊዜው ተወውና የሆነውን ንገረኝ” እለዋለሁ። ለሌላው ሲሉት ቀላል ነው። በራሴ ሲደርስ ግን ይህችን ገጽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኳት እኔ ነኝ የማውቀው። በጀመርኩ ቁጥር ከምክንያቱ ነበር የምነሳው፤ ፀሐዩ፣ ድካሙ፣ ውኃ ጥሙ። አሁን የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ያኔ የምኖረው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ አፋርኛም የተማርኩት ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ስኳርና ሻይ ቅጠል ስሸጥ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። መስፍን የጅቡቲ መስመር መኪናዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ራሔል ነርስ ናት። እኔ ያው ያኔም ጸሐፊ ነበርኩ። ሩጫውን ያስጀመረን መስፍን ነው። ቀኑን ሙሉ ከከባድ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ ስለሚውል፣ “እኔ ካልሮጥኩ ቆሞ መሄድም ይጠፋብኛል” ይል ነበር።

መጀመሪያ በባቡር ሐዲዱ ዳር ዳር ጠዋት ጠዋት፣ ቆይቶም ወደ ኮረብታዎቹ መሮጥ ጀመርን። ሁለት ዓመት አብረን ስንሮጥ አንድም ቀን መስፍንን ቀድሜው አላውቅም። ሁልጊዜ የማየው ጀርባውን ነበር። ከእሱ ኋላ ተንጠልጥዬ ስለምደርስ “ተሳቢ” የሚል ስም አወጣልኝ። በጋራዡ ባለፍኩ ቁጥር “ተሳቢው መጣ፣ ፍሬኑን እዩለት” ይላል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ይቆጠቁጠኝ ነበር ወይ? አዎ፣ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ስለነበረ እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ፈንታሌ ተራራን ለመሮጥ አሰብን። ከተራራው ግርጌ ካለችው ከሳቡሬ ተነስተን ተራራው አናት ላይ እስካለው የእሳተ ገሞራ አፍ ወጥተን፣ በዚያው መንገድ ተመልሰን ሳቡሬ መግባት። የምንሮጠው መስፍንና እኔ ነን፤ ራሔል ፒክአፕ ይዛ ሳቡሬ ትጠብቃለች። ከሁለት ቀን በፊት ሄደን ለሳቡሬ ሽማግሌዎች ነገርናቸው። በዚያ አገር ሰው ሲሮጥ ከታየ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንዳባረረው ነውና። አንደኛው ሽማግሌ፣ “ማንም ሳያባርራችሁ?” ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ “በሉ ዜናውን እናወጣዋለን፤ ሁለት ሰዎች ይሮጣሉ፣ ሰላማዊ ናቸው እንላለን” አሉን።

ዜናው የሚወጣው በዳጉ ነው። ዳጉን ለማታውቁት፣ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ምን ዓይነት እንግዳ አለፈ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ነው የሚናገረው። ከዚያ ተራው ይገላበጥና ጠያቂው ተናጋሪ ይሆናል። ሲለያዩ ሁለቱም የሰሙትን ለሚቀጥለው መንገደኛ ያደርሳሉ። ስልክ በማይሠራበት በረሃ ዜናው ከመኪና ቀድሞ ይገባል። ይህ ሁሉ የቆመው ዳጉ ላይ ስለማይዋሽ ብቻ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ “ሚዛን ብታጎድልባቸው ተጣልተው ይታረቁሃል፤ ዳጉ ላይ ከዋሸህ ግን ሱቁን ዝጋው” ይለኝ ነበር። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ከከተማው ልጅ ሁሉ አብልጬ የማውቅ እኔ ነበርኩ።

በቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ሜዳው ላይ አብረን ነበርን። ጥቁሩ ድንጋይ ሲጀምርና አቀበቱ ሲጠነክር መስፍን እንደ ልማዱ ተለየኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም አናት ስደርስ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ግንባሩ ደረቅ ነው፤ በዚያ ፀሐይ ላብ የሚባል የለበትም። ራሔል ከአንዴም ሁለቴ “ላብ ካቆመ ሩጫውም ያቆማል፤ ያኔ ጥላ ፈልጉ፣ ሰው ጥሩ” ብላ አስተምራናለች። ከውኃዬ ሰጠሁት። ተጎነጨና መልሶ አስታወከው። “እግሬን ነው የያዘኝ። አንተ ሂድ፣ ተሳቢ፤ እደርስብሃለሁ” አለኝ። ቃሉ እየተጎተተ ነበር የሚወጣው።

ሄድኩ። እሱ ነው ሂድ ያለኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ይዤ ኖሬያለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ላቡን አይቻለሁ፣ ያስታወከውን ውኃም አይቻለሁ። አይቼ ሄድኩ። እንዲያውም ቁልቁለቱን ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልናገረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቴ የማንም ጀርባ አልነበረም። እግሬ የራሴ አልመሰለኝም፤ ነፋሱ ከሆነ ቦታ እየገፋ የሚያወርደኝ መሰለኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደወረድኩ አንድ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ላይ ሲመጣ አየሁ። ሁመድ ነበር። ሁመድ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ የአባቴ ሱቅ ደንበኛ ነውና ስሜን ጠርቶ አስቆመኝ። የጠፋች ግመል እየፈለገ ነበር። ግራር ሥር ቁጭ አለና ዱላውን አጠገቡ አስቀመጠ። እኔ አልተቀመጥኩም። ቆሜ እያለከለክሁ ሰዓቴን አየሁ። ዳጉ እንዲሰጥ ተጠይቆ አለመቀመጥ በራሱ ነውር ነው፤ እሱ ግን የከተማ ልጅ ነው፣ ደክሞታል ብሎ ሳያልፍልኝ አልቀረም። ስለ ግመሏ ጠየቀኝ፤ አላየሁም አልኩት። ከዚያ፣ “ሁለት ሆናችሁ እንደምትሮጡ ሰምቻለሁ። ሁለተኛውስ?” አለኝ።

እውነቱን ብነግረው የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ምን አመመው፣ ውኃ ይዟል ወይ፣ የት ጋ ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ከዚያ ግመሏን ትቶ ይነሳና “ና፣ እንሂድ” ይለኛል። በረሃ ላይ የታመመ ሰው አለ የተባለ አፋር አያልፍም፤ እኔም አብሬው መመለስ አለብኝ። መስፍንን የቀደምኩባት አንዲት ቀን እዚያው ልታበቃ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈ።

“በወዲያኛው፣ በመተሐራ በኩል ወርዷል። ከኋላዬ ሰው የለም። ሰላም ነው” አልኩት።

ለምን አይመነኝ? ቀና ብሎ ተራራውን አየ። ግመሏም ሰውም ከሌለ ምን ያደርግለታል፤ ወደ ጎን ወዳለው ሸለቆ ታጥፎ ሄደ። መስፍን ጋ ለመድረስ የአንድ ሰዓት አቀበት ብቻ ቀርቶት የነበረውን ሰው፣ ወደ እሱ እየሄደ የነበረውን ሰው፣ በገዛ አፌ መለስኩት። እኔ ነኝ የመለስኩት። ከዚያ ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ሳቡሬ የገባሁት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ራሔል አጨበጨበችልኝ። “መስፍንስ?” አለች። “እየመጣ ነው” አልኳት። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ መስፍን የለም። እሷ ተነስታ አስፋልቱ ዳር ሻይ የሚጠጡ ሦስት አፋሮችን ጠየቀች። አንደኛው በአማርኛ፣ “ያንቺ ጓደኛ በመተሐራ ወርዷል፤ ዳጉ እንደዚያ ነው ያለው” አላት። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ራሔል ወደ እኔ ዞረች። “በዚያ ሊወርድ ይችላል እንዴ?”

ያን ጊዜ ማረም እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ግን ውሸቴ በሦስት ሰው አፍ ዞሮ ሲመለስ ለራሴም እውነት መሰለኝ። ምናልባት በዚያ ወርዶ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ አልኩ በልቤ። አፌም “ይችል ይሆናል” አለ። እናንተ የምታነቡኝ፣ ሰው የራሱን ውሸት ከሌላ ሰው ሰምቶ ሲያምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ራሔል ፒክአፑን አስነስታ በአዋሽ ዞረን መተሐራ ሄድን። እዚያ ያየው የለም። ሄደን ፈልገን እስክንመለስ ሦስት ሰዓት ያህል ጠፋ።

መስፍንን ያገኘችው ፍየሎቿን ይዛ ተራራው ላይ የሰነበተች ሴት ናት። ሁለት ቀን ከሰው ስላልተገናኘች ዳጉውን አልሰማችም፤ ሰው የለም የተባለበት ቦታ ላይ ሰው አየች። ሻሿን አጠገቡ ባለ ግራር ላይ ዘርግታ ጥላ ሠራችለት፣ ከንፈሩን በፍየል ወተት እያራሰች ቆየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰው ጠራች። ወጣቶች በእንጨት አልጋ ተሸክመው ሳቡሬ አወረዱት። ራሔል እዚያው ግሉኮስ ሰክታለት አዳማ ወሰድነው። አላህ አተረፈው። ኩላሊቱ ግን ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከመኪና ሥር መተኛትም ሆነ መሮጥ አልቻለም፤ አሁን አዳማ መለዋወጫ ይሸጣል።

ይህ ሁሉ አንድ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት አላስተኛ ያለኝ ግን የሚቀጥለው ነው።

ሐሰተኛ ዳጉ ወጥቷልና የሳቡሬ ሽማግሌዎች በአራተኛው ቀን ተሰበሰቡ። ለእነሱ የመስፍን መትረፍ ነገሩን አይዘጋውም። ውሸት ባለቤት አለው፤ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ባለቤቱ ይገኛል። ያ ከዚህ ሰማሁ አለ፣ ይህ ከዚያ ሰማሁ አለ፣ መጨረሻው ሁመድ ሆነ። ሁመድም ከሰዒድ ሰማሁ አለ። አስጠሩኝ። ከራሔል ጋር ሄድኩ፤ እሷ አፋርኛ አትሰማም፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁመድ ከፊት ለፊቴ ነበር። ያ ሩጫችንን ሰምተው የሳቁት ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ለሁመድ ዳጉ ሰጥተኸዋል?” አሉኝ። አባቴን ስለሚያከብሩ በለሰለሰ ድምፅ ነበር።

“ከሩቅ አይቼዋለሁ። አልተነጋገርንም” አልኩ።

ሁመድ አልጮኸም፣ አልማለም።  “ሰዒድ፣ እኔ ተቀምጬ ነበር፤ አንተ ቆመህ ነበር” አለኝ።  እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ታማሚው ጓደኛዬ ነው፤ በገዛ ጓደኛው ላይ ማን ይዋሻል? ደግሞ ለራሔል “እየመጣ ነው” ማለቴን ነገርኳቸው፤ በመተሐራ ወርዷል ያለ ሰው እንዲህ አይልም ተባለና ይህም ምስክር ሆነልኝ። የእኔ ቃል ቆመ፣ የሁመድ ወደቀ። ስንወጣ ራሔል ምን እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። “ስለ መስፍን ጤና ነው” አልኳት።

ሁመድን ማንም አልመታውም፣ ማንም አላባረረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እሱ የተናገረውን ዳጉ የሰማ ሰው ሌላ ሰው መጠየቅ ጀመረ። ይህን በጆሮዬ የሰማሁት አዋሽ፣ በራሴ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ነው። ሁለት አፋሮች ኮፒ እስካወጣላቸው ሲጠብቁ አንዱ ለሌላው ስለ ዝናብ ነገረው። “ከማን ሰማኸው?” “ከሁመድ።” “እንግዲያው ሌላ ሰው እንጠይቅ።” እኔ ወረቀቶቹን በስቴፕለር እየመታሁ ነበር። መምታቴን ቀጠልኩ። በዓመቱ ቤቴን ነቅዬ ሰመራ ገባሁ፤ ለሰው ሁሉ ሥራው እዚያ ይሻላል አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ የቀለለ የመሰለኝ ሌላ ሰው ስለተሸከመልኝ ነበር።

ዘንድሮ ሁመድ እግሩ መርቶት ሰመራ ያለው ሱቄ መጣ። ጢሙ በሒና ቀልቷል። ከአንድ ዘመዱ ጋር ነበር፤ መምህር የሆነች ልጁ ወደ ቤተሰቧ አቅራቢያ እንድትዛወር ማመልከቻ ፈልጎ ነው። አወቀኝ፤ እኔም አወቅሁት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን ነገረኝ። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ አጋጥሞኝ አያውቅም። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ እያለ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር ነገረኝ። ጻፍኩለት፤ የእሱ አድራሻ አሁን በሰመራ መንገድ ላይ ያለችው አዳይቱ ነው። ሊወጣ ሲል በር ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ አፋር እንደ ወጉ ዳጉ ጠየቀው። ሁመድ፣ “እኔ ዳጉ አልይዝም፤ ከእሱ ጠይቅ” ብሎ ዘመዱን አሳየው። በምሬት አልነበረም። ሚጥሚጣ አይስማማኝም እንደሚል ሰው ነበር ያለው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። 

በእኛ ሃይማኖት፣ በአንተና በአላህ መካከል ያለውን አላህ ይምርሃል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለህ፣ ይቅር ካላለህ፣ አይማርም። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። በቀን አምስቴ እየሰገድኩ፣ ሁለት ረመዳን ሳይሆን አሥራ አንድ ረመዳን እየጾምኩ፣ በዚህ ጉዳይ ዙሪያውን ስዞር ኖርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚሰግደው?

ባለፈው ወር ሚኒባስ ተሳፍሬ አዳይቱ ወረድኩ። ሁመድን አስፋልቱ ዳር ጥላ ሥር አገኘሁት። ቁጭ አልኩ። ምንም አልጠየቀኝም። ያልኩትን፣ የካድኩትን፣ ለምን እንደካድኩ፣ የቀደምኩበትን ደስታ ሳይቀር ነገርኩት። “አፉ በለኝ” አልኩት።  አንድ ከባድ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

“እኔማ አውቀው ነበር” አለኝ በመጨረሻ። “ለእኔ አዲስ ዜና አላመጣህም። ያኛውን የሰሙት ይህንንም ይስሙ። ከዚያ ትመጣለህ።”

ሳቡሬ ሄድኩ። እኒያ ሽማግሌ አርፈዋል። ያኔ ሻይ ሲጠጡ ከነበሩት ሦስቱ አንዱን አገኘሁት፤ ሁለቱ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። አንዳንዱ ነገሩን ፈጽሞ ረስቶታል፤ ሁመድ እንደማይታመን ግን አልረሳም። ምክንያቱ ጠፍቶ ፍርዱ ብቻ ቀርቷል። ለመስፍን ደወልኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና “አሁን ሥራ ላይ ነኝ” ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ እኔም የምለው ስለሌለኝ አልደወልኩም። ለሚስቴም ነገርኳት።

ይህን የጻፍኩት ላላገኘኋቸው ነው። እናንተን ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ አፉ የማለቱ መብት የእናንተ አይደለም። ፀሐዩ አይደለም ያዋሸኝ፣ ውኃ ጥሙም አይደለም። ፈንታሌ ላይ ሁመድ ጠየቀኝ፣ እኔ ዋሸሁት፤ ሳቡሬ ላይ ደግሞ ካድኩት። እሱ የሰጠሁትን እንደሰጠሁት ያደረሰ ሰው ነው። በአዋሽም ሆነ በሰመራ መንገድ ስታልፉ ስሙ ተነስቶ “ሌላ ሰው እንጠይቅ” የሚል ከሰማችሁ፣ ይህን ንገሩልኝ። እስካሁን አፉ አላለኝም።